ሁለት ትይዩ መደርደሪያዎች፦ በአራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት የሴትና የወንድ ዕቃ ዋጋ ሲነጻጸር

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእግረኛ መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ደንበኛው የበዛለት አንድ ባለ ሁለት ወለል ሱፐርማርኬት አለ። የምተቸው ነገር በመሀል ከተማ ባሉ ብዙ መሰል ሱቆች ውስጥ የሚታይ በመሆኑ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ስለዚህ ስሙን አልጠቅስም። በንጽሕናው፣ በዕቃው ብዛትና በካሸሮቹ ቅልጥፍና ረገድ ሱቁን ያለ ማመንታት አመሰግነዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል፣ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ካርድ መክፈል ይቻላል፣ ደረሰኝም ሳይጠየቅ ይሰጣል። የዚህ ግምገማ ትኩረት ግን በላይኛው ወለል፣ የግል ንጽሕና መጠበቂያ ዕቃዎች በሚሸጡበት ክፍል ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት መደርደሪያዎች ናቸው። በአንደኛው ላይ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ግራጫ፣ በሌላው ላይ ሮዝና ሐምራዊ እሽግ ተደርድሯል። መተላለፊያው አንድ የዕቃ ጋሪ ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በመሆኑ ግራና ቀኙን ዋጋ ሳያነጻጽሩ ማለፍ ያስቸግራል።

መተዳደሪያዬ የጉምሩክ ዕቃ አስተላላፊነት፣ በተለምዶ አጠራሩ ትራንዚተርነት ነው። ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ዕቃ ማሳወቂያ ቅጽ፣ ሲሞሉ የሚውሉ ሰዎች አንድ ዕቃ ሲያዩ ከመሸጫ ዋጋው በፊት ለቀረጥ የተመደበበት የታሪፍ ቁጥር ይታወሳቸዋል፤ እኔም በነዚህ መደርደሪያዎች ፊት የቆምኩት በዚሁ ልማድ ነው። ስለዚህ አንባቢ ከውበት አማካሪ የሚጠብቀውን ምክር ከእኔ ባይጠብቅ ይሻላል። የትኛው ሎሽን ቆዳ እንደሚያለሰልስ መናገር አልችልም፤ ከአንድ ኮንቴይነር የወረዱ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች በሁለት ዋጋ የሚሸጡበትን ምክንያት ግን ዲክላራሲዮን ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚፈልገው አውቃለሁ።

በመላጫው ልጀምር። የአንድ ዓለም አቀፍ አምራች ሦስት ስለት ያላቸው፣ ተጠቅመው የሚጥሏቸው መላጫዎች በሁለቱም መደርደሪያዎች ላይ ይገኛሉ። የሰማያዊውም የሮዙም እሽግ ዋጋ እኔ በገዛሁበት ቀን 400 ብር ነበር፤ ዋጋውን ብቻ ያየ ሰው ልዩነት የለም ብሎ ያልፋል። እሽጉን ገልብጦ ለሚያነብ ግን ሰማያዊው አምስት መላጫ ሲይዝ ሮዙ የያዘው አራት ነው። በፍሬ ሲሰላ የወንዱ 80 ብር፣ የሴቷ 100 ብር ይወጣል፤ ማለትም ሴቷ ለአንድ መላጫ የምትከፍለው በሩብ ይበልጣል። የስለቱ ቁጥር አንድ ነው፣ ከስለቱ በላይ የተለጠፈው ማለስለሻ አንድ ነው፣ የተመረተበት አገርም አንድ ነው። የሮዙ እጀታ መጠነኛ የቅርጽ ለውጥ አለው። ለእግር ይመቻል የሚባለውን ይህን ቅርጽ ሞክሬዋለሁ፤ ከሰማያዊው የተለየ ምቾት አላገኘሁበትም። አሁን የምገዛው ሰማያዊውን ነው፤ መታጠቢያ ቤት የምንጋራው ወንድሜ የትኛው የእሱ እንደሆነ እየተምታታበት ቢያማርርም።

በዲዮድራንቱ ላይ ልዩነቱ እሽግ መገልበጥ አያስፈልገውም። የአንድ አምራች፣ መጠኑ 150 ሚሊ ሊትር የሆነ የሚረጭ ዲዮድራንት የወንዱ 276 ብር፣ የሴቷ 345 ብር ተለጥፎበታል። በጣሳው ጀርባ በደቃቁ የታተመውን የይዘት ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤዋለሁ፤ ከሽቶው በቀር ቅደም ተከተሉ ሳይቀር ይመሳሰላል። ሁለቱንም ገዝቼ ደረሰኙን ስመለከት ነገሩ ሌላ ገጽታ እንዳለው ታየኝ። ከ276 ብሩ ውስጥ 240 ብር የዕቃው ዋጋ፣ 36 ብር ቫት ነው፤ ከ345 ብሩ ውስጥ ደግሞ 300 ብር የዕቃው ዋጋ፣ 45 ብር ቫት ነው። ቫት በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 285 ከተደነገገ ጀምሮ፣ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ከተተካም በኋላ፣ መደበኛ መጠኑ 15 በመቶ ሆኖ ዘልቋል፤ ለወንድ ዲዮድራንትም ለሴት ዲዮድራንትም መጠኑ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ታክሱ በመቶኛ የሚሰላ በመሆኑ፣ አምራቹ ወይም ነጋዴው በሴቷ ዕቃ ላይ በጨመረው በእያንዳንዱ ብር ላይ 15 ሳንቲም ተከትሎ ይጨመራል። ከ69 ብሩ ልዩነት ውስጥ 9 ብሩ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። መንግሥት ልዩነቱን አልፈጠረም፤ ከተፈጠረው ልዩነት ግን ድርሻ ያገኛል።

ተቃራኒውም አለ። በዚሁ ሱቅ የወንዶች የፊት ክሬም ከሴቶቹ ተመጣጣኝ ክሬም ይወደዳል። የጥርስ ብሩሽ፣ ሳሙናና ቫዝሊን ምንም ልዩነት የላቸውም፤ ቫዝሊን ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ጣሳ የሚጠቀምበት ዕቃ ስለሆነ ለሁለት ከፍሎ መሸጥ ያዋጣል ብሎ ያሰበ አምራች እስካሁን አልገጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት 800 ገደማ ዕቃዎችን አነጻጽሮ ያወጣው ጥናትም ልዩነቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሌለው፣ ግን ወደ አንድ ወገን እንደሚያደላ አሳይቷል። የሴቶቹ ዕቃ ተወድዶ የተገኘው በ42 በመቶው ንጽጽር ሲሆን የወንዶቹ በ18 በመቶው ነበር፤ በአማካይ የሴቶቹ ዋጋ በ7 በመቶ፣ በግል ንጽሕና መጠበቂያዎች ላይ ደግሞ በ13 በመቶ ይበልጥ ነበር። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2023 መባቻ ጀምሮ በመሠረቱ አንድ ዓይነት የሆኑ ዕቃዎችን ለወንድ ወይም ለሴት ተብለው በመቅረባቸው ብቻ በተለያየ ዋጋ መሸጥን በሕግ ከልክለዋል።

የክፍሉን ኃላፊ አነጋግሬያቸው ነበር፤ በዕድሜ የገፉ፣ ደንበኛ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ሁለቱን የመላጫ እሽጎች ይዤ፣ «ጋሼ፣ አራቱና አምስቱ እንዴት በአንድ ዋጋ ሊሸጡ ቻሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እህቴ፣ እኛ የምንጨምረው አከፋፋዩ ባመጣበት ዋጋ ላይ በመቶኛ አስልተን ነው፤ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው» አሉኝ። አከፋፋዩስ ለምን ለያየው ብዬ ስቀጥል፣ «የሴቶቹ ቀረጣቸው ከበድ ይላል ብለውናል» የሚል መልስ ሰጡኝ። ስለ ሱቃቸው የተናገሩትን አምናለሁ። ከሌላ ሰምተው ያስተላለፉልኝ የቀረጥ ነገር ግን ትክክል አይደለም፤ ይህን የምለውም በስሜት ሳይሆን በታሪፍ መጽሐፉ ላይ ተመርኩዤ ነው።

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የጉምሩክ ታሪፍ የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ባዘጋጀው የዕቃዎች አመዳደብ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያ አመዳደብ መላጫና ምላጭ በቁጥር 82.12፣ ዲዮድራንት ደግሞ በቁጥር 33.07 ሥር ይገኛሉ። በሁለቱም ቦታ የወንድና የሴት የሚባል ንዑስ ክፍል የለም፤ እሽጉ ሮዝ ሆነ ሰማያዊ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ስለሆነ የሚሰላው መቶኛም አንድ ነው። ጾታ በታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ ጨርሶ አይታወቅም ማለቴ አይደለም። በልብስ ላይ ይታወቃል፦ የወንድ ሸሚዝ በ62.05፣ የሴት ሸሚዝ በ62.06 ተለይተው ተመድበዋል። እንዲህ ያለው አከፋፈል ባለበት ቦታ አንድ አገር ለሁለቱ የተለያየ መጠን ማውጣት ይችላል። አሜሪካ ለዚህ ትጠቀሳለች፤ እዚያ የወንድ የቆዳ ጓንት 14 በመቶ ሲቀረጥ የሴቷ 12.6 በመቶ መሆኑን ተቃውሞ አንድ አስመጪ ኩባንያ መንግሥትን ከስሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ልዩነት መኖሩ ብቻ አድልዎ ለማድረግ ታስቦ እንደነበር አያረጋግጥም በሚል ክሱን አልተቀበለም። ወደ ሱቃችን ስንመለስ፣ በመላጫና በዲዮድራንት ላይ የሚታየው ልዩነት ከጉምሩክ በር በፊት ወይም በኋላ የተፈጠረ ነው፤ አምራቹ ለሴቶች ገበያ በሚያወጣው ዋጋ፣ ወይም አከፋፋዩ «ሴት ለዚህ ትከፍላለች» በሚለው ግምት። ቀረጥ፣ ቫትና ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚታከል ተጨማሪ ታክስ) በዚያ ግምት ላይ እየተደራረቡ ያሳድጉታል እንጂ መነሻው እነሱ አይደሉም።

በምድር ቤቱ መግቢያ አጠገብ ያለውን ላውንደሪ በአጭሩ ልጥቀስ። የወንድ ሸሚዝ ከሚታጠብበትና ከሚተኮስበት ዋጋ ይልቅ የሴት ሸሚዝ ይበልጣል፤ የጨርቁ ዓይነትና መጠኑ አንድ ቢሆንም። በውጭ አገር ላውንደሪዎች የሚሰጠው ምክንያት የመተኮሻ ማሽኑ የተሠራው ለወንድ ሸሚዝ በመሆኑ የሴቷ በእጅ መተኮስ አለበት የሚል ነው። እዚህ ግን ሁሉም ሸሚዝ የሚተኮሰው በእጅ፣ በአንድ ካውያ፣ በአንድ ልጅ ነው። ልብሴን እዚያ አላሳጥብም።

መላጫም ሆነ ዲዮድራንት ላይ ሴቷ መውጫ አላት፤ እጇን ወደ ትይዩው መደርደሪያ ዘርግታ የወንዱን ታነሳለች። ሞዴስ ላይ ግን ትይዩ መደርደሪያ የለም። የወንድ አቻ ስለሌለው የዋጋ ልዩነት ለማስላት የሚያመች ነገር የለውም፤ በኒውዮርኩ ጥናት ውስጥም የልዩነት ሰንጠረዥ ሊገባ የማይችል ዕቃ ነው። ሆኖም በዚህ ሱቅ ውስጥ ሴት በመሆን ብቻ ከሚከፈሉት ወጪዎች ሁሉ ትልቁ፣ በየወሩ የሚመለሰውና ሊተው የማይችለው ይኸው ነው። ስለዚህ ሱቁን በሌላው ነገር ሁሉ ቢመዝኑትም ዋናው ሚዛን ይህ መደርደሪያ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

መደርደሪያው ከሕፃናት ዳይፐር ጎን ነው፤ ትራንዚተር እንደመሆኔ አቀማመጡ ፈገግ አሰኝቶኛል፣ ምክንያቱም በታሪፍ አመዳደቡም ሞዴስና ዳይፐር በአንድ ቁጥር፣ በ96.19 ሥር ነው የተቀመጡት። አቀማመጡ ጥሩ ነው። እሽጎቹ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ለዓይን በሚመች ከፍታ ላይ ተደርድረዋል፤ ካሸሯም እንደ ዳቦና ስኳር ሁሉ ስካን አድርጋ ታልፋለች። በየሰፈሩ ሱቅ ባለሱቁ ዕቃውን ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጥ ላደግን ሴቶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዛ ልጅ ያለ መሸማቀቅ አንስታ፣ አገላብጣና አነጻጽራ መምረጥ የምትችልበት ቦታ መኖሩን እንደ ዋና ጥቅም እቆጥረዋለሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች አማርጦ የመግዛትና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በዚህ መደርደሪያ ላይ ሁለቱም ተሟልተዋል።

ያልተሟላው መረጃው ነው። ሦስት መጠን ያላቸው እሽጎች አሉ፦ ስምንት ፍሬ በ96 ብር፣ አሥር ፍሬ በ100 ብር፣ ሃያ ፍሬ በ180 ብር። ስምንት ፍሬ የያዘውና አሥር ፍሬ የያዘው በመጠን የሚቀራረቡ ከመሆናቸውም በላይ ቁጥሩ የተጻፈው ከእሽጉ ግርጌ ነው። በፍሬ ሲሰላ የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 9 ብር ይወጣል። በቀን አራት ለአምስት ቀን ብለን ብናሰላ አንዲት ሴት በወር 20 ፍሬ ያስፈልጋታል፤ በትንሹ እሽግ ዋጋ 240 ብር፣ በትልቁ 180 ብር ማለት ነው። ከሁለት ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆቿ ጋር የምትኖር እናት ብትሆን በዓመት ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2,160 ብር ይደርሳል። ትንሹን እሽግ የሚገዛው ደግሞ በአመዛኙ 180 ብር በአንድ ጊዜ ለማውጣት የሚያመነታው ሰው ነው። ከዋጋው በታች «የአንዱ ፍሬ ዋጋ» የሚል አንድ መስመር ቢታከል ኖሮ ቢያንስ ሰው እያወቀ ይመርጥ ነበር።

ከዚህ መደርደሪያ ጀርባ ያለው የታክስ ጉዳይ ከመላጫው ይለያል። እዚህ ላይ መንግሥት ከሌላ የተፈጠረ ልዩነት ተካፋይ ብቻ ሳይሆን፣ ዋጋውን በቀጥታ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚችል አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የገንዘብ ሚኒስቴር ተመርቶ በሚገባ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ ላይ ይጣል የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ ዝቅ አድርጓል፤ የአገር ውስጥ አምራቾች የሚያስገቡት ጥሬ ዕቃም ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ወስኗል። የዚህ ውሳኔ ትርጉም በመቶኛው ላይ ከሚታየው ይሰፋል፤ ምክንያቱም በእኛ አገር የገቢ ዕቃ ታክሶች አንዱ በሌላው ላይ እየተሰሉ የሚሄዱ ናቸው። ከማናቸውም ታክስ ነፃ ያልተደረገና ኤክሳይዝ የማይመለከተው፣ የመግዣ ዋጋው፣ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ወጪ ተደምሮ 100 ብር የሆነ አንድ ዕቃ እንውሰድና ቀረጡን፣ ቫቱንና ሱር ታክሱን ብቻ እናስላ። ቀረጡ 30 በመቶ ሲሆን 130 ብር ይሆናል፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 149 ብር ከ50፣ ከዚያም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 164 ብር ከ45 ሳንቲም ይደርሳል። ቀረጡ 10 በመቶ ሲሆን የዚሁ ስሌት ውጤት 139 ብር ከ15 ሳንቲም ነው። የ20 ብሩ የቀረጥ ቅናሽ ከጉምሩክ እስኪወጣ ድረስ የ25 ብር ከ30 ሳንቲም ቅናሽ ይሆናል፤ አስመጪውና ቸርቻሪው ትርፋቸውን በመቶኛ የሚያሰሉ ስለሆነ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ከዚህም መብለጥ ነበረበት።

መብለጥ ነበረበት ያልኩት ሁለት ነገሮች በመሀል ስላሉ ነው። አንዱ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ የሚሰላው በብር ነው፤ ስለዚህ መቶኛው ሳይነካ፣ አንድም አዲስ መመሪያ ሳይወጣ፣ ለዚያው ለአንድ ካርቶን ሞዴስ የሚከፈለው ቀረጥ በብር ከእጥፍ በላይ አድጓል። ከ30 ወደ 10 በመውረዱ የተገኘው እፎይታ አንዱ ክፍል በዚህ መንገድ ተመልሶ ሄዷል። በቢሯችን ይህን ስሌት ያላነሳ ባልደረባ የለም፤ አብዛኛው የሚያነሳው ግን ስለ መኪና ነው።

ሁለተኛው፣ የታክስ ቅናሽ በራሱ ወደ ገዢዋ ቦርሳ የሚሄድ አለመሆኑ ነው። ከእኛ በፊት ያለፉበት አገሮች ልምድ ይህን ያሳያል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በንጽሕና መጠበቂያ ላይ የነበረውን ቫት ስታነሳ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ውስጥ ነበረች፤ ካናዳ በ2015፣ ሕንድ በ2018፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ በ2019 ተከትለዋል፣ ሩዋንዳም በዚያው ዓመት መጨረሻ። ታንዛንያ ግን በ2018 ያነሳችውን ቫት በማግስቱ ዓመት መልሳዋለች፤ መንግሥቱ ያቀረበው ምክንያት ነጋዴዎች ዋጋ አልቀነሱም የሚል ነበር። በእንግሊዝ 5 በመቶ የነበረው ቫት በጥር 2021 ሲነሳ፣ በኋላ የተደረገ የዋጋ ትንተና ከተነሳው ታክስ አብዛኛው በቸርቻሪዎች እጅ እንደቀረ አመልክቷል። ስኮትላንድ ከዚህ ክርክር ጨርሶ ወጥታ ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ምርቶቹ ለሚያስፈልጋቸው ሁሉ በነፃ እንዲቀርቡ በሕግ ግዴታ አድርጋለች። የታንዛንያው ውሳኔ ለእኔ ከሁሉም የከፋ መደምደሚያ ነው፤ ቅናሹን ያስቀረው ነጋዴ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ገዢዋ ላይ አርፏል። ቅናሹ መድረስ አለመድረሱን ማንም ሊያይ የሚችለው መደርደሪያው ላይ የአንድ ፍሬ ዋጋ፣ ደረሰኙ ላይ ደግሞ የታክሱ ድርሻ ተለይቶ ሲጻፍ ብቻ ነው። ይህ ሱቅ ሁለተኛውን በሚገባ ይሠራዋል፣ የመጀመሪያውን አይሠራውም።

በዚሁ መደርደሪያ የታችኛው ረድፍ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚፈልግ ብቻ፣ በአገር ውስጥ የተሰፋ እየታጠበ የሚሠራ የጨርቅ ሞዴስ ይሸጣል። አራት ፍሬ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆኖ 600 ብር ነው። ገዝቼ ተጠቅሜበታለሁ፤ ከሱቁ ዕቃዎች ሁሉ የሚገባውን ቦታ ያላገኘው ይህ ይመስለኛል። ከላይ ጥጥ፣ መሀሉ የሚመጥ ጨርቅ፣ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ አለው፤ ክንፎቹ ከውስጥ ሱሪ ሥር ተጣጥፈው በቁልፍ ይያያዛሉ። ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ ቁልፉም እስካሁን አልላላም። ቢሮ ለሚውል ሰው አራቱ አይበቁም፤ ሁለት ከረጢት ያስፈልጋል፣ ይህም 1,200 ብር ነው። በትልቁ እሽግ ዋጋ ቢሰላ እንኳ የአንድ ዓመት ሞዴስ 2,160 ብር ስለሚሆን ወጪው ከሰባት ወር ባልበለጠ ጊዜ ይመለሳል።

እንዲህ ያለውን ምርት በአገራችን በስፋት ያስተዋወቁት ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው። በኬሚካል ምህንድስና የሠለጠኑት ፍሬወይኒ በመቀሌ ማሪያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ መሥርተው፣ በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ሞዴስ ሲያመርቱ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲ ኤን ኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው የተመረጡትም ለዚሁ ሥራቸው ነው። የሳቸው ሥራ ለብዙ ተማሪዎች በነፃ የደረሰ ነው፤ መሀል አዲስ አበባ ሱቅ ገብታ በገንዘቧ ልትገዛው የምትችል ሴት ግን ዕቃው መኖሩን እንኳ ሳታውቅ ታልፋለች።

የጨርቁ ሞዴስ ችግሮችም አሉት፣ ሳይነገሩ ማለፍ የለባቸውም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ፈረቃው ከወር አበባ ቀን ጋር ካልገጠመ ማጠብ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በደንብ መታጠብና ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ክረምት ላይ ግን ፀሐይ አትገኝም፣ በኮንዶሚኒየም የጋራ ማስጫ ላይ ደግሞ አብዛኛዋ ሴት ከሌላ ልብስ ሥር ደብቃ ነው የምታሰጣው፤ ከልብስ ሥር የተሰጣ ጨርቅ በቶሎ አይደርቅም። በራሴ ቤት ያገኘሁት መላ ሌሊት በመስኮት ፍርግርግ ላይ አስጥቶ ጠዋት በካውያ መተኮስ ነው፤ ውኃ የማያሳልፈውን ንጣፍ ላለማቃጠል ግን በጥጡ በኩል ብቻ። ቤቷ ውኃ የማይቋረጥባት ሴት ያለ ማመንታት ትግዛው፤ ሌላዋ ደግሞ ቤት ለምትውልባቸው ቀናት አንድ ከረጢት ይዛ ለቀሪው የሃያውን እሽግ ብትጠቀም ይሻላታል።

ለክፍሉ ኃላፊ የጨርቁን ሞዴስ ከታችኛው ረድፍ ወደ መሀል እንዲያወጡትና በዋጋ መለያዎቹ ላይ የአንዱን ፍሬ ዋጋ እንዲያክሉ ሐሳብ ሰጥቻቸው ነበር። በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት፤ «የሞዴሱን እንኳ ቀላል ነው፣ እናስተካክላለን» አሉኝ። በኋላ ስመለስ በሞዴሱ መለያዎች ላይ ከዋጋው ሥር በእስክሪብቶ 12፣ 10 እና 9 ብር የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈው አገኘሁ፤ የጨርቁም ከረጢት አንድ ረድፍ ከፍ ብሏል። በመላጫው መደርደሪያ ላይ ግን ሁለቱም እሽጎች አሁንም 400 ብር ብቻ ነው የሚሉት፤ ስለ እሱ ስጠይቃቸው አከፋፋዩን አነጋግረው እንደሚነግሩኝ ነው የመለሱልኝ።